የሦስተኛው መደብ ችግኞች

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ ጋቢ እና የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ጋቢውስ ይሁን፤ የእንጅባራን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ጠዋት የትም ድረሺ ለማትባል ሴት ሰዓት መሸለም ግን ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቆጥራል። እኔ እንደሆነ ያለ እሱም ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዓይኔ ይገለጣል። ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚያ ሰዓት ችግኝ ሳጠጣ ኖሬ አሁን ተኚ ብባል ከየት ይመጣል?

በቅርቡ ደግሞ ለወጣት ኃላፊዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ልምድዎን ያካፍሉን ብለው ጠሩኝ። አሠልጣኙ ጨዋ ልጅ ነው። በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ክብና ቀስት እያሳየ ስለ ራእይ፣ ስለ ቡድን መንፈስ፣ ሠራተኛን ስለማነሣሣት ብዙ አስረዳ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ የእርስዎ የአመራር መሣሪያ ምን ነበር አለኝ። ሴንጢ ነው አልኩት። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። የተሰጠኝ ዐሥር ደቂቃ ስለ ሴንጢው ለመናገር አልበቃኝምና ይኸው ቁጭ ብዬ እጽፈዋለሁ።

ሥራ የጀመርኩት ዳንግላ፣ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ፣ በቀን ሠራተኛነት ነው። ፎርማናችን አያ ፈንታ ይባሉ ነበር። ጉልበቱ ላይ የተጣፈ ሱሪ የሚለብሱ፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምቼ የማላውቅ ሰው ናቸው። ስለ ችግኝ የማውቀውን ሁሉ ከእሳቸው እጅ አገኘሁት። የጫካ አፈር፣ ብስባሽና አሸዋ ተነፍቶ ከተደባለቀ በኋላ አንድ ጭብጥ ያነሡና ጨምቀው እጃቸውን ይከፍታሉ። እንደ ሊጥ ከተጣበቀ አሸዋ ጎድሎታል፤ ወዲያው ከተበተነ ብስባሽ ይጨመርበታል። ውርጭ በወረደ ጠዋት ፀሐይ ሳይነካው ቅጠሉን በውኃ ያጥቡታል፤ ፀሐይ ከቀደማቸው ያ ችግኝ አለቀለት። ቡቃያ ከዘር መደብ አፈር ወደ ሞላንበት ላስቲክ ሲዛወር በቅጠሉ እንጂ በግንዱ እንዳንይዘው ይቆጣጠሩናል። ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ያወጣል፤ ግንድ ከተቀጠፈ ግን መመለሻ የለውም። ከሁሉም በላይ የሚያሳስባቸው ሥሩ ነው። በእንጨት የምንቀደው ጉድጓድ ካጠረ ሥሩ ወደ ታች መውረዱን ትቶ እንደ መንጠቆ ይታጠፋል። ችግሩ ደግሞ ላዩ አረንጓዴ ስለሚሆን ማንም አያውቅም። ከገበሬው ማሳ ደርሶ ዝናብ ሲያበቃ ነው የሚታወቀው።

ዓርብ ከሰዓት ሥራ ሊያልቅ ሲል አያ ፈንታ ሁላችንንም ይጠሩናል። ከራሳቸው መደብ አንድ ችግኝ አንሥተው ላስቲኩን በሴንጢ ይሰነጥቁታል፤ አፈሩን ባልዲ ውስጥ ያጥቡና ሥሩን ከፍ አድርገው ያሳዩናል። ቀጥ ያለ ከሆነ ምንም አይሉም። የታጠፈ ከሆነ ደግሞ «ታጥፏል። የእኔ ነው» ይላሉ፤ ሌላ ቃል የላቸውም። ከዚያ ሴንጢውን አጥበው ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣሉ። የሌላ ሰው ችግኝ በእጃቸው ሰንጥቀው አያውቁም። እያንዳንዳችን የራሳችንን እንሰነጥቃለን።

የእኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ታጥፎ ሲገኝ እንጀራዬ የተቆረጠ መሰለኝ። እሳቸው ጉድጓዱ አጥሮብሽ ነው አሉና ረዘም ያለ የመቅደጃ እንጨት ሰጡኝ። በቃ። ሰኞ ዕለት የዘለፈኝ የለም፤ ነገሩንም ያነሣብኝ የለም። ዳንግላ ውስጥ ስህተቱን የሚደብቅ ሰው ያልነበረው ለዚህ እንደሆነ የገባኝ ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

ቀጥሎ ወደ ጫግኒ ተዛወርኩ። ሙቀቱ፣ ማንጎውና የቡና ችግኙ ሌላ ዓለም ነበር። ደመወዝ ትንሽ ከፍ አለልኝ፤ ወረቀቱም እንደዚያው። እዚያ ያገኘሁት አለቃ ደግሞ ሲጮኽ ድምፁ መናኸሪያ ድረስ ይሰማል። ሠራተኞቹ እሱ ከመድረሱ በፊት የደረቀውን ችግኝ በጆንያ አድርገው አጥር ሥር ይቀብሩ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የጣቢያው ሪፖርት ያማረ፣ መደቡ ግን የሳሳ ሆኖ ኖረ። ከዚያም አዲስ ቅዳም ሄድኩ፤ ገበሬው ለከሰል ብሎ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ መትከል የጀመረበት ወቅት ነው። ገብስና ጤፍ የነበረው ማሳ ሁሉ ደን ሲሆን በዓይኔ አየሁ። የዲከረንስ ዘር ቅርፊቱ ድንጋይ ነው፤ የፈላ ውኃ አፍስሰንበት እስኪያብጥ ካላሳደርነው አይበቅልም። ሰውም እንደዚያው ነው ብዬ እቀልድ ነበር። ኋላ ስመለከተው የፈላ ውኃ በዝቶብኝ ኖሯል።

አያ ፈንታ ሥራ ሲያቆሙ ያችን ሴንጢ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ሲዶለዱም ሳይው» አሉኝ፤ ሌላ ምክር አልጨመሩም። በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት ግድም የእንጅባራው ችግኝ ጣቢያ ኃላፊ ሆኜ ስሾም ሴንጢው ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ገባ። ገብቶም ቀረ።

ዘመኑ የአንድ ለአምስት ዘመን ነበር። ሠራተኛው በአምስት በአምስት ይደራጃል፤ ዕቅድ ይወርዳል፤ ይገመገማል። ጥፋቱን በአደረጃጀቱ ላይ ማላከክ ይቀለኝ ነበር፤ ነገር ግን የሰሌዳውን ሐሳብ ማንም አላዘዘኝም፣ ራሴ ነኝ ያመጣሁት። በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ አቆምኩና እያንዳንዷ ሠራተኛ በሳምንት ስንት ላስቲክ እንደሞላች፣ ስንት ቡቃያ እንዳዛወረች በስሟ ትይዩ አስጻፍኩ። አንደኛ የወጣችው በጭብጨባ ትወጣለች። መጨረሻ የሆነችውም ለሁሉ ትታያለች። የአያ ፈንታን የዓርብ ልማድ ተውኩት። ጊዜ የለም እል ነበር። እውነቱን ልናገር ከተባለ ግን፣ አለቃ ሆኜ የታጠፈ ሥር ይዤ በቀን ሠራተኛ ፊት መቆም አሳፈረኝ።

በዚያ ወቅት መጀመሪያ ላይ ሥራ እንዴት እንደሚፈጥን ላሳያቸው ብዬ ሦስተኛውን መደብ እኔው ራሴ በአንድ ከሰዓት አዛውሬ ጨረስኩት። ሴቶቹ አጨበጨቡልኝ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚለው ትዝ ያለኝ አልነበረም።

ሰሌዳው ላይ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚሆኑት እትዬ ትርንጎ ነበሩ። ከባንጃ ገጠር የመጡ፣ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ከፍ የሚሉ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር በአዊኛ የሚያወጉና በአማርኛ ስብሰባ ላይ አንድ ቃል የማይተነፍሱ ሴት ናቸው። እሳቸው ዘንድ ሁልጊዜ የተጣለ ቡቃያ ክምር አለ። ሌሎቹ ሦስት ረድፍ ሲጨርሱ እሳቸው አንዱን ያነሣሉ፣ ሥሩን ያያሉ፣ ይጥሉታል፤ ሌላ ያነሣሉ። ያን ክምር ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር። ብክነት ነው፣ ግዴለሽነት ነው ብዬ በመዝገቤ ጻፍኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ለእኔ ግን ዝምታቸው ንቀት መሰለኝ።

በሚያዝያ ጊዜያዊ ሠራተኛ ቀንሱ የሚል ደብዳቤ መጣ። ግምገማ ጠራሁና ሁሉም በተሰበሰበበት እትዬ ትርንጎን አስነሣኋቸው። ለምን ወደ ኋላ እንደሚቀሩ ጠየቅኋቸው።

«ያልወደድኩትን አልተክልም» አሉ።

ይኼን ብቻ። እኔ እልኸኝነት ነው ብዬ ተረዳሁት። ስማቸውን በዚያው ሰው ፊት አንብቤ ሰረዝኩት። ሰባተኛውን መደብ ጨርሰው ነበር፤ መቅደጃ እንጨታቸውን ከነጠላቸው ጋር ጠቅልለው ቀና ብለው ወጡ። አጠገቤ የነበረችው ሰናይት፣ ከኮሌጅ ተመርቃ በቅርቡ የተቀጠረችው ባለሙያ፣ የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፍታ እኔን ስታየኝ ዘጋችው። አየኋት፤ አልጠየቅኋትም።

ክረምቱ አለፈ። ችግኙ ተከፋፈለ፣ ሪፖርቱ አማረ፣ ጣቢያችን ተመሰገነ። ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት አያ ቢተው የሚባሉ የጥርባ አካባቢ ገበሬ ጆንያ ተሸክመው መጡ። ሴቶቹ አፈር በሚነፉበት ቦታ ላይ ጆንያውን ገለበጡት። የደረቀ ዲከረንስ ነበር፤ ሥሩ ሁሉ የታጠፈ፣ አንዳንዱ ተቋጥሮ የተረሳ ክር የመሰለ። ሰውዬው አልተቆጡም። የገብስ ማሳቸውን ዘንድሮ ለዚህ ዛፍ ብለው እንደለቀቁ፣ ገብሱ እንዳመለጣቸው፣ ዛፉም እየደረቀ እንደሆነ፣ ለልጆቻቸው ምን እንደሚሉ እንደማያውቁ ረጋ ብለው ተናገሩ። ከዚያ ወደ እኔ ቀና አሉ።

«እኔ የተከልኩት እናንተ የሰጣችሁኝን ነው» አሉኝ።

ያን ጊዜ የተናገርኩትን ዛሬ ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይግላል። ያጠፉት ሠራተኛ ተሰናብተዋል፣ እትዬ ትርንጎ ይባላሉ፣ እርምጃ ወስደናል አልኳቸው። ማንንም ሳልጠይቅ፣ አንድም ወረቀት ሳላይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ሴቶቹ ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። ሰናይት ብቻ ቢሮ ገብታ የርክክቡን ወረቀት ይዛ መጣች። ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ፣ «እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ወረቀቱ ሁለት መደብ ነው የሚለው» አለችኝ። በቃ አልኳትና ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ማሳውን በዓይኔ አያለሁ ብዬም ከሰውዬው ጋር ወጣሁ።

በባጃጅ እስከ መንገዱ ዳር፣ ከዚያ በእግር ሄድን። ማሳው ላይ ስንደርስ ቆምኩ። የማሳው ላይኛው ግማሽ ደርቆ ቆሟል። ታችኛው ግማሽ ግን አረንጓዴ ነው፤ ጉልበቴ ድረስ ደርሶ ነፋሱ ሲገፋው ይመለሳል። አፈሩ አንድ፣ ሰውዬው አንድ፣ ዝናቡ አንድ። አያ ቢተው ላይኛውን መጀመሪያ በወሰዱት፣ ታችኛውን በሁለተኛው ጊዜ በወሰዱት እንደተከሉት ነገሩኝ። ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ። የመጀመሪያው ርክክብ ከሦስተኛው መደብ፣ ሁለተኛው ከሰባተኛው መደብ ይላል።

ሰባተኛው የእትዬ ትርንጎ ነበር። ሦስተኛው የእኔ።

ለሰውዬው በዚያ ሰዓት ምንም አልነገርኳቸውም። ታችኛው ማሳ ገብቼ አንዱን ችግኝ ያዝኩና ሳብ አደረግሁት። አልንቀሳቀስም አለ። ከዚያ ላይኛውን በሁለት ጣት ስይዘው ተነቅሎ መጣ። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አያ ቢተው ለሳቸው አዝኜ የማለቅስ መስሏቸው አይዞዎት ይሉኝ ነበር፤ ይኼ ደግሞ ይብስ አቃጠለኝ።

በማግሥቱ ብቻዬን እትዬ ትርንጎ ቤት ሄድኩ። ከከተማው ጫፍ ነው፤ አጥራቸው ቀርከሃ፣ ጓሯቸው ድንች። ድንቹን እየኮተኮቱ ነበር። ተቀመጪ አላሉኝም፣ ሂጂም አላሉኝም። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ በሌሉበት ስማቸውን ማጥፋቴን ሳይቀር። ይቅርታ ጠየቅኋቸው፣ ወደ ሥራዎ ይመለሱ አልኳቸው። መኮትኮታቸውን ሳያቆሙ ሰሙኝ። ስጨርስ ቀና አሉ።

«ያወጣሽኝ በሰው ፊት ነው» አሉኝ። «ይቅርታውን ድንች ውስጥ ትነግሪኛለሽ?»

ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ይኼው ቃል ነበር አብሮኝ የሚሄደው። ሽማግሌ ልኬ ነገሩን በጓዳ ልጨርሰው እንደምችል አውቃለሁ፤ ብዙ ሰው መከረኝም። ክብርሽ ይቀላል፣ ከዚህ በኋላ ማን ይሰማሻል የሚሉኝም ነበሩ። እውነትም ፈርቼ ነበር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አበው፤ እኔ ጠምጥሜ ጨርሼ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሰው እያየኝ ልፈታው ነው።

መሳቢያውን ከፍቼ ሴንጢውን አወጣሁ። ዝጓል። ማታውን በእርጥብ ድንጋይ ሳልኩት።

ዓርብ ከሰዓት ሁሉንም ጠራሁ። አያ ቢተው እንዲመጡ ልኬ ነበር፤ መጡ። እትዬ ትርንጎም ልጃቸውን አስከትለው መጥተው በሩ አጠገብ ቆሙ፤ ወደ ውስጥ አልገቡም። ከሦስተኛው መደብ የተረፉ ጥቂት ችግኞች ነበሩ። አንዱን አንሥቼ ላስቲኩን ሰነጠቅሁ፣ ባልዲ ውስጥ አጠብኩት፣ ከፍ አደረግሁት። መንጠቆ ነው።

«ታጥፏል» አልኩ። «የእኔ ነው። እትዬ ትርንጎ ያጠፉት የለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ በእሳቸውም ላይ የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ሁለተኛውን ሰነጠቅሁ፣ ሦስተኛውን። ሁሉም ያው ነው። አራተኛውን ላነሣ ስል ይበቃል የሚል ድምፅ ሰማሁ። እትዬ ትርንጎ ገብተው አጠገቤ ቆመው ነበር። ሴንጢውን ከእጄ ወሰዱና ከሰባተኛው መደብ የተረፈ አንድ ችግኝ ሰነጠቁ። ሥሩ እንደ ቱምቢ ክር ቀጥ ብሎ ወረደ። ከዚያ ከነጠላቸው መቅደጃ እንጨታቸውን ፈቱ፤ አንድ ጣት ያህል ከእኛ እንጨት ይረዝማል፣ ጥልቀቱን የሚለኩበት ጭረትም አለው። ለሴቶቹ በአዊኛ ማስረዳት ጀመሩ። ለካ ሲናገሩ ማንም የማያቆማቸው ሴት ናቸው። ስብሰባውን የምመራው በእኔ ቋንቋ፣ የምጠይቀውም የእኔን ጥያቄ ብቻ ስለነበር ነው ዝም ያሉት። ሰሌዳውን ሰኞ ዕለት ነቅለን ለችግኞቹ ጥላ ዳስ ማገር አደረግነው።

ለአያ ቢተው በቀጣዩ ክረምት አዲስ ችግኝ ሰጠናቸው። የእኔ ጥፋት በእሱ ብቻ አይካካስምና ጣቢያው በሙሉ ወንፈል ገብቶ ጉድጓዳቸውን ቆፈረ። እኔም ቆፈርኩ፤ ወገቤን እስካሁን ያመኛል። እትዬ ትርንጎ ዋና መራጭ ሆኑ። ከሳቸው እጅ ያላለፈ ቡቃያ ላስቲክ አይገባም፤ የኔም ቢሆን። የመጀመሪያው ዓመት ከዕቅድ በታች ሆንን፣ ተወቀስኩ፣ ፈረምኩ። በሁለተኛው ዓመት ገበሬው የእንጅባራ ችግኝ ካልሆነ ማለት ጀመረ። ከጫግኒ፣ ከዳንግላ ባለሙያዎች እየመጡ ምን አድርጋችሁ ነው ይሉን ነበር። ዓርብ ዓርብ ብቅ በሉ እላቸው ነበር። ልኩራና፣ ከዚያ ወዲህ በእኔ ዘመን ከጣቢያው ማንም ሰው ችግኝ አጥር ሥር ቀብሮ አልሄደም።

ጡረታዬ ሲደርስ ቦታው ለሰናይት ተሰጠ። ያን ቀን ወረቀቱን ይዛ የተንቀጠቀጠችው ልጅ ናት። ከዞን የመጡ እንግዶች በአዳራሹ ንግግር አደረጉ፣ ጋቢውና ሰዓቱ ተሰጠኝ፣ ፎቶ ተነሣን። ሁሉም ወደ ምሳው ሊሄድ ሲል ሰናይት ይቅርታ ዛሬ ዓርብ ነው አለች። እንግዶቹ ነገሩ ባይገባቸውም በሱፋቸውና በተወለወለ ጫማቸው ተከትለውን መደብ መሀል ገቡ። ሴንጢውን ለእሷ ላስረክባት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ነበር። ጥሩ ንግግርም አሰናድቼ ነበር።

እኔ ቦርሳዬን ስከፍት እሷ ከጋውንዋ ኪስ የራሷን፣ ከገበያ የገዛችውን ተራ ሴንጢ አውጥታ ቀጥ ብላ ወደ ራሷ መደብ ሄደች። አንድ አነሣች፣ ሰነጠቀች፣ አጠበች። ሥሩ ጫፉ ላይ ታጥፏል። በሹመቷ የመጀመሪያ ቀን፣ አለቆቿ ሁሉ ፊቷ ቆመው። እጇ ዝቅ የሚል መስሎኝ ነበር። ይበልጥ ከፍ አደረገችው።

«ታጥፏል» አለች። «የእኔ ነው።»

እትዬ ትርንጎ ከኋላ ሆነው ጉድጓዱ አጥሮብሽ ነው አሏትና ሴንጢውን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ። ሴቶቹ ከኋላቸው ተሰለፉ። በሠላሳ ምናምን ዓመት ሥራዬ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት የለም። ቦርሳዬን መልሼ ዘጋሁት። የአያ ፈንታ ሴንጢ አሁን እኔው ወጥ ቤት ነው፤ ሽንኩርት እከትፍበታለሁ፣ ሲዶለዱም እስለዋለሁ።